ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ የታካሚ ስም በመስኮት አይጠራ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የኤችአይቪ ቫይረስ በደሜ ያለ የድሬ ነዋሪ ነኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አሁን አዲስ ጀማሪዎችን አጽናናለሁ፤ ቀጠሮ የቀሩትን ሰፈር ለሰፈር እየፈለግሁ እመልሳለሁ። የምጽፍላችሁ ፈልጌ ስለማጣቸው ሰዎች ነው፤ ስለ ትራንስጀንደር ታካሚዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ የተለየ ጾታ ነን ስለሚሉ ሰዎች።

ይህን አንብቦ ስድብ የሚያዘጋጅ አይጠፋም። ያዘጋጅ። የአገራችን ሕግ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀይሩት ብዬ አልመጣሁም። ግን የትኛውም አንቀጽ ለታመመ ሰው መድኃኒት አይሰጠው አይልም። ሕገ መንግሥቱ እንዲያውም በአንቀጽ 26 የማንንም ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል።

በአንድ ጤና ተቋም ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙ ይቆየን። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በመስኮቱ ብቅ ብላ የወንድ ስም እስከ አያት ጠራች። ከአግዳሚው ላይ ሻሽ ያሰረች፣ ድሪያ የለበሰች ልጅ ተነሳች። ሠራተኛዋ ካርዱን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ካርዱን ደግማ አየች። «የማንን ካርድ ነው ያመጣሽው?» አለቻት፣ ጮክ ብላ። ጥበቃው ሳቀ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ «የወንድሜ ነው» ብላ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ባጃጅ ውስጥ ገብታለች። መድኃኒቷን አልወሰደችም።

ድሬን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ከዚራ የተወራ ነገር መጋላ ለመድረስ ባጃጅ አይጠብቅም። ልጅቷ እዚያ በር ላይ ዳግም ትቆማለች ብዬ አላስብም።

መድኃኒቱን አዘውትሮ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ያቋረጠ ሰው ግን ቫይረሱ ይራባበታል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ስለዚህ ያ ሳቅ የሷ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ትራንስጀንደር ሰዎችን በኤችአይቪ መከላከል ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አምስት የኅብረተሰብ ክፍሎች አንዱ አድርጓቸዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከ15 አገሮች የተሰበሰበ ጥናት ትራንስጀንደር ሴቶች በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ጎልማሳ 49 እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። ከ15ቱ አንዱም የአፍሪካ አገር አይደለም። እኛ ጋ የሚቆጥራቸው ስለሌለ የሉም ይባላል።

ሌላ ሐኪሞቻችን የማይጠይቁት ነገር አለ፤ ሆርሞን። አንዳንዶቹ ሰውነታቸው የሴት እንዲመስል ብለው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝተው በግምት ይውጣሉ። ከዚያ «ከኤችአይቪው መድኃኒት ጋር ይጋጭብኛል» ብለው ይፈራሉ፤ የሚተዉት ደግሞ የኤችአይቪውን ነው። አሁን አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ዶሉቴግራቪር፣ ኪኒኑ ውስጥ ካለው ኤስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ጋር አይጋጭም። ይልቅ ኪኒኑን ያለ ልክ መውሰድ ደም ሊያረጋ ይችላል። ይህን የሚነግራቸው ባለሙያ ቢያገኙ ስንቱ ባላቋረጠ ነበር!

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በየተቋሙ ታካሚ በቁጥር ይጠራ፤ ቁጥር መስጠትን ባንክ ቤቶች ከለመዱት ቆዩ። ሠራተኞች ታካሚውን ሁሉ «እርስዎ» ይበሉት፤ አክብሮትም ነው፣ አንተ ነህ አንቺ ነሽ የሚለውን ጣጣም ያስቀራል። በደንብ የሚወስዱት ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ የሚያገኙበት አሠራር አለ፤ መስፈርቱን ላሟላ ትራንስጀንደር ታካሚም ሳያንገራግሩ ይስጡት። ሚስጥር ያወጣ ሠራተኛ ይጠየቅ። ስልጠና ስታዘጋጁ ደግሞ ካርድ ክፍሎችንና ጥበቃዎችን አትርሱ። በሩ ላይ ያሉት እነሱ ሆነው ሳለ አበል የሚበላው ሌላ ነው።

አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ፤ ገንዘብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ በዚያ በጀት የተቀጠሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። የጠፋ ታካሚ ቤት ድረስ ሄዶ መፈለግ ያለ ሰው አይሆንም። ቢሮው ከራሱ በጀት ጥቂት ሰው ይቅጠር፤ ከመካከላቸውም ትራንስጀንደር ታካሚዎች የሚያምኑት ሰው ይኑር። እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ እሱን ግን በር ይከፍቱለታል።

ልታነጋግሩኝ ከፈለጋችሁ ቢሮ እመጣለሁ። ስሜን ግን በመስኮት አትጥሩት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬ ነዋሪ