ለጤና ሚኒስቴር፦ ጅማ የተሳተፈችበት ጥናት ውጤት ለጅማ ሰው ይድረስ

ለተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር የሥራ ኃላፊዎች፦

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው።

እኛ ጋ የቡና ለቀማና የወባ ወቅት ይገጣጠማሉ። ባለፈው ለቀማ አንዲት እናት «ወባው አገረሸብኝ» ብለው መጡ። ከዘንቢላቸው የመድኃኒት ከረጢት አወጡ። ወባው እንዳያገረሽ የሚዋጠው ፕሪማኩዊን ነው፤ ግማሹ እንኳ አልተዋጠም። «ትኩሳቱ ሲለቀኝ ተውኩት ልጄ» አሉኝ። ልቆጣቸው አልቻልኩም። ትኩሳት የለቀቀው ሰው፣ ያውም ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ 14 ቀን ሙሉ ክኒን መዋጥ ይከብደዋል።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል፤ የተደበቀውን ግን አይነካውም። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ትንኝ ሳትነድፍ፣ ሕመሙ ይነሳል።

ለዚህ መላ የፈለገ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ6 አገሮች 522 ሕሙማን ተሳትፈውበታል። ከኢትዮጵያ ጅማና ጎንደር ነበሩበት። የተጠናው መድኃኒት ታፌኖኩዊን አንዴ ብቻ ነው የሚዋጠው። ከክሎሮኪን ጋር ከወሰዱት 62 ከመቶው እስከ 6 ወር አላገረሸባቸውም። ክሎሮኪን ብቻ ከወሰዱት ግን ያላገረሸባቸው 28 ከመቶ ነበሩ። ፕሪማኩዊን 70 ከመቶ ደርሷል፤ ግን ያ ክትትል በማይጓደልበት ጥናት ውስጥ ነው። ቤቱ የሚሄድን ሰው ማን ይከታተለዋል?

መድኃኒቱ ዝም ብሎ ይታደል አልልም። ጂ6ፒዲ የተባለው፣ ቀይ የደም ሴሎችን የሚጠብቀው ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ከወሰደው ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ስለዚህ ከክኒኑ በፊት የኢንዛይሙን መጠን የሚለካው መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባቸው። የምለምናችሁ ከዚያ እንድትጀምሩ ነው።

ወባ ብቻ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በ80 ሆስፒታሎች ከወሊድ በኋላ በሚደርስ ደም መፍሰስ ላይ የተካሄደ ጥናት አለ። ወላዷ ሥር የደም መለኪያ ምልክት ያለው ፕላስቲክ ይነጠፋል። ደሙ ሲበዛ ሕክምናዎቹ ሁሉ ባንዴ ይጀመራሉ። በዚህ አሠራር ከባድ ደም መፍሰስና የሚያስከትለው ጉዳት በ60 ከመቶ ቀንሷል። ፕላስቲክ ነው እኮ! የእኛ አዋላጆች ይህን አጥተው እናት እንድትሞት አልፈልግም።

ሌላው ጥያቄዬ ለጥናት ደሙን ለሰጠው ሰው የጥናቱ ውጤት ይነገረው የሚል ነው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል፣ ቡና ማፍያው ድረስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ተመራማሪዎቹም አሉ። አብራችሁ ብትሠሩ ይቻላል።

በጅማ ዞን የጂ6ፒዲ ምርመራ በየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች፣ መቼ እንደሚጀመር ከመጪው የቡና ለቀማ በፊት በይፋ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጅማ ፋርማሲ ባለሙያ