ደብዳቤ ለልጄ፦ ከተጻፈው ቃል አትለፊ

ደሴ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ የጦሳ ብርድ ግን ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል።

ለአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ ከሚሰጠው ከኤልሳት ፈተና መለማመጃሽ የላክሽልኝን ጥያቄዎች መዝገበ ቃላት እያገላበጥሁ ሠራኋቸው። የሳትሻቸው አብዛኞቹ «ከተሰጠው ሐሳብ የግድ የሚከተለው የትኛው ነው» የሚሉት መሆናቸውን ሳይ አልተገረምሁም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው የጀመረውን ወሬ አንቺ መጨረስ ትወጃለሽና። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከነሐሴ 2024 ወዲህ የእንቆቅልሹ ክፍል ከፈተናው ወጥቶ ውጤት የሚያዝባቸው የሎጂክ ክፍሎች ሁለት ስለሆኑ፣ አንድ ጊዜ ያስከፍልሽ የነበረው ስሕተት ዛሬ ሁለት ጊዜ ያስከፍልሻል።

እስቲ በምታውቂው መንገድ ላስረዳሽ። ጥያቄው «ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ሁሉ በኮምቦልቻ ያልፋል» ይበል። በወረኢሉ በኩልም መንገድ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የተሰጠው ቃል እንደ እውነት ይወሰዳል እንጂ ሙግት አይነሣበትም። አሁን ኮምቦልቻ ላይ አንድ አውቶቡስ ብታዪ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነው ማለት አትችዪም፤ ወደ ባቲ የሚወርድ፣ ወይም ሐረጎን ወጥቶ ወደ እኛ የሚመጣ ሊሆን ይችላልና። በኮምቦልቻ ያላለፈ አውቶቡስ ግን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሄደ እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ትናገሪያለሽ። ዐረፍተ ነገሩን ገልብጠሽ ብቻ ካነበብሽው ትስቻለሽ፤ ገልብጠሽ ሁለቱንም ወገን በአሉታ ካደረግሽው ግን ልክ ነሽ።

ከዚህ የባሰው ችግርሽ የቃል ክብደት ነው። «አንዳንድ» የሚለው ቢያንስ አንድ አለ ማለቱ ነው እንጂ «ሁሉም አይደለም» ማለቱ አይደለም። «አብዛኛው» ደግሞ ከግማሽ በላይ ስለሆነ፣ በሰኞ ገበያ ከሚነግዱት አብዛኞቹ ጤፍ የሚሸጡ፣ አብዛኞቹም ማር የሚሸጡ ከሆኑ፣ ጤፍም ማርም የሚሸጥ ቢያንስ አንድ ነጋዴ የግድ ይኖራል፤ ማንም ባይነግርሽ ቁጥሩ ራሱ ይነግርሻል። አንቺ ግን ይህን መልስ አልፈሽ «ጤፍ ሻጮች አብዛኞቹ ማር ይሸጣሉ» የሚለውን መርጠሻል፤ እሱ አይከተልም።

አንድ ቃል ምን እንደሚያደርግ ለወሎ ልጅ መንገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። ከዚህ ወደ ሰሜን ስንሄድ በምናልፍባት በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ይህንኑ ግዴታ አደረገው፤ ከመቻል ወደ ግዴታ የተዘለለው ያ እርምጃም ከዐድዋ ጦርነት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ስለዚህ በምርጫዎቹ ውስጥ «የግድ»፣ «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ» የሚል ስታገኚ፣ ያን የሚያህል ብርታት ያለው ቃል በምንባቡ ውስጥ የት እንዳለ በጣትሽ አሳዪ፤ ካላገኘሽው ተዪው። ደካማ የሚመስለው «ሊሆን ይችላል» ጥቂት ማስረጃ ስለሚበቃው ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው። ምንባቡ ራሱ ጠንካራ ከሆነ ግን ጠንካራውን መልስ አትፍሪ፤ ከ24ኛው ጥያቄ ላይ የወደቅሽው በዚህ ነው።

«ከሁሉ ይበልጥ የሚደገፈው» የሚሉት ጥያቄዎች ትንሽ ይላላሉ፤ ፍጹም የተረጋገጠ አይሹም። በእነዚህ ደኅና ስለሆንሽ አላስረዝምም። አብሽሪ፣ ጊዜ አለሽ።

እናትሽ ሁለት እሑድ ስላልደወልሽ «ታማለች» ብላ ደምድማለች። የተሰጠን ስልኩ አለመደወሉ ብቻ ስለሆነ ይህ አይከተልም ብዬ ላስረዳት ሞክሬ ነበር፤ የመለሰችልኝን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። የፊታችንን እሑድ እንዳታሳልፊው።

አባትሽ