መስታወቱን ትተሽ ውረጂ

ልጄ፣

እህትሽ ሁሉንም ነግራኛለች፤ እሷን እንዳትቆጪያት። ክርስትናው ከተነሣ ወዲህ ከአራተኛ ፎቅ አልወረድሽም አሉ። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይልሻል፣ ቀን ደግሞ ዓይንሽ ይከደናል። ልጁንስ? «በረንዳ ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁ» ትያለሽ። በረንዳውን እኮ በመስታወት ዘግታችሁታል! መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራበትን ጨረር ያስቀራል። ልጁ ይሞቀዋል፣ አጥንቱ ግን ምንም አያገኝም። በመስታወት ጀርባ አይሆንም።

ጧት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ውረጂ። የ1 ሰዓቷ ፀሐይ ደስ ትላለች እንጂ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ጨረሯ ደካማ ነው፤ ጥላሽ እያጠረ ሲመጣ ነው የምትሠራው። 4 ሰዓት ካለፈ ግን ለሕፃን ቆዳ ትከብዳለች፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ከብሎኩ ጀርባ ነፋስ የማያገኘውን ግድግዳ ያዢ። ኮፍያ አድርጊለት፣ ፊቱን በራስሽ ጥላ ከልዪ፤ እግሩን፣ እጁን፣ ጀርባውን ግን ግለጪው። በጋቢ ጠቅልሎ ማሞቅ ጋቢውን ማሞቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልሽ 15 አድርሺው፣ እያገላበጥሽ። ቅባቱ ከፀሐይ በኋላ ነው። ቆዳው ከቀላ ወዲያው ወደ ጥላ።

«የጥቅምት ብርድ ነው፣ ምች ይመታናል» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ይህን ፍርሃት ያወረስኩሽ እኔ ነኝ። የወንድምሽን የተጣመመ እግር ታውቂዋለሽ፣ ለምን ቁምጣ እንደማይለብስም ታውቂያለሽ። አገሩ ሁሉ ፀሐይ፣ እኔ ሸፍኜ። ጥርሱ ዘገየ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው እርግብግቢቱ አልገጠመም፣ የእጁ አንጓ ወፈረ። ነርስ ሆኜ! የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ በአንድ እይታ እለየው ነበር።

ጡት ጥሩ ነው፣ ቫይታሚን ዲ ግን በውስጡ ጥቂት ነው። ሐኪሙን ስለ ጠብታው ጠይቂው፤ ለሕፃን የተለመደው በቀን 400 ዩኒት ነው። ጠርሙሱን አንብቢ፦ በአንዱ መድኃኒት 400 ዩኒት አንዲት ጠብታ ናት፣ በሌላው ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር። ይህን ያምታታች እናት ብዙ እጥፍ ታጠጣዋለች፤ ሲበዛ ያስታውከዋል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

አንቺም ብትሆኚ ለልጁ ብለሽ ብቻ አትውረጂ። የሳሎንሽ አምፖል ብርሃን በብርሃን መለኪያው፣ በሉክስ፣ ቢበዛ ጥቂት መቶ ነው፤ ውጭ ደመናም ቢሆን በሺዎች ይቆጠራል። አንጎልሽ ቀኑ መጀመሩን የሚያውቀው በዚያ ነው፤ ጧት ካላወቀ ማታም እንቅልፍ በሰዓቱ አይጠራልሽም። ግማሽ ሰዓት ቆዪ፣ ጥቁር መነጽር አታድርጊ። ሥራ አለብኝ እንዳትዪኝ፤ ምስሩን ታች ሆነሽ ልቀሚ፣ ሽንኩርቱን ታች ላጪ። ዳቦውንም ከሩቁ ሱቅ ግዢ። ማልቀስሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የፀሐይ ጉዳይ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ አታፍሪ።

ትልቋ ልጅሽም ስልኩን አፍንጫዋ ላይ ደቅናው ትውላለች አሉ። ታይዋን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቿን በቀን 120 ደቂቃ ውጭ እንዲውሉ የምታበረታታው ለዓይናቸው ብላ ነው፤ ደማቅ ብርሃን የልጅ ዓይን ኳስ ከልክ በላይ እንዳይረዝም ያግዛል፤ ከረዘመ ሩቁን አጥርቶ አያይም። ዛፍ ጥላ ሥርም ቢሆን ይሠራል። ቤት ውስጥ ግን ብርሃኑ ይሳሳል፣ አይሆንም።

በሶና ቅቤ በእህትሽ እጅ ልኬያለሁ፣ ቅቤው የአንቺ ነው፣ የልጁ አይደለም። ነገ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እደውላለሁ። የግቢው ልጆች ጩኸት ካልተሰማኝ፣ መስታወት ጀርባ ተቀምጠሽ እንደምታወሪኝ አውቃለሁ።

እናትሽ