ያላመንኩት ቴርሞሜትር

ውድ ልጄ፣

የፊዚክስ ፈተናሽን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ መወሸቅሽን አይቻለሁ። ከ20 ዘጠኝ። ቁጥሩ አላስደነገጠኝም፤ የደነገጥኩት በማግስቱ «እማዬ፣ 11ኛ ክፍል ሶሻል ነው የምገባው፤ ሳይንስ ለእኔ አልተፈጠረም» ስትዪኝ ነው። ሶሻል መግባት ነውር የለውም፤ ታሪክ ስለምትወጂ ከሆነ መርቄ እሸኝሻለሁ። አፍረሽ ከሆነ ግን ጥቂት ታገሺኝ።

ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ለምን ወደ ፊት እንደምንወረወር ለወንድምሽ ስታስረጂው ወጥ ቤት ሆኜ ሰምቼሻለሁ። እሱ ገባው፤ እኔም ሽንኩርቴን ትቼ አዳመጥኩ። ፈተናው ላይ የሳትሽው ይህንኑ ጥያቄ ነው! በእንግሊዝኛ ሲመጣ፣ ሰዓቱ ሲሮጥ፣ አጠገብሽ ያለው ልጅ ገጽ ሲገልጥ፣ የምታውቂው ነገር ጥሎሽ ይጠፋል።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፕላዝማ የምንለው የትምህርት ቴሌቪዥን በየክፍሉ መሰቀል በጀመረበት ዘመን። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሰናዳው ትምህርት በፈጣን እንግሊዝኛ ይወርድብናል። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ የመለስንለት ይመስል አመስግኖን ያልፋል። መብራት ሲጠፋ ክፍሉ በእልልታ ይናጋ ነበር፤ ከሁሉም የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህራችን ለአምስት ተማሪ አንድ ቴርሞሜትር ሰጥተው ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ እንድንመዘግብ አዘዙን። አንባቢዋ እኔ ሆንኩ። ውሃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል። ጠበቅኩ፤ ንቅንቅ አላለም። መጽሐፉ ግን 100 ይላል። ጆሮዬ ጋለ፤ እንዴት ውሃ ማፍላት ያቅተኛል? ማንም ሳያየኝ 100 ብዬ ጻፍኩ። ጓደኞቼ ከእኔ ገለበጡ፤ ሙሉ ነጥብ አገኘን።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን፣ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ 100 ሳይደርስ እንደሚፈላ የተረዳሁት ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነው። አክስትሽ ከእኛ ዝቅ ባለችው አዳማ ላይ ቶሎ የሚበስልላት ባቄላ እኛ ቤት ጋዝ የሚጨርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። 92 ልክ ነበር። ደብተሬን ይዤ መምህሩ ዘንድ ብሄድ ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር እስካሁን አስባለሁ። ያኔ ግን የጎደለኝ እውቀት ብቻ መሰለኝ፤ ፍርሃት ዓይንን እንደሚያስክድ ማን ነግሮኝ?

ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ፤ የትኩሳቱ አይደለም፣ እስከ 110 የሚቆጥረው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወንድምሽ ሳይነሳ ውሃ እንጥዳለን። የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ የእኔ እጅ ዛሬም ሳይንቀጠቀጥ አይቀርም።

እናትሽ