ድባቴው ለቀቀ፣ ጭንቅላቴ ግን ዘገየ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ድባቴ ሲጻፍ ሁሌ የሚነሳው ለቅሶው፣ ብቸኝነቱና ከሰው መሸሹ ነው። እኔን ከዚያ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ከተሻለኝ በኋላ የመጣው ነው።

ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ ባለ የእህል መደብር ሒሳብ ያዥ ነኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ ከሳምንታት በኋላ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ምግብም ይበላልኝ ጀመር። ቤተሰቦቼ «ተመስገን፣ ዳነች» አሉ። መደብር ስገባ ግን ከደረሰኝ ላይ ያነበብኩት ቁጥር መዝገቡ ላይ እስክጽፈው ይጠፋኛል። የድሬ ሰው በአማርኛ ሰላም ብሎ፣ በኦሮምኛ ተጫውቶ፣ ዋጋውን በሶማሊኛ ይቆርጣል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ያኔ ግን ደንበኛ ቋንቋ ሲቀይርብኝ አፍ አፉን አያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ሰነፈች» አሉኝ።

ያከመችኝ ሐኪም እንደነገረችኝ ትኩረት ማጣትና መርሳት ራሳቸው የበሽታው ምልክቶች ናቸው፤ ስሜት ከተስተካከለ በኋላም በብዙ ሰው ላይ ይቆያሉ። የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራም አዘዘችልኝ፣ እነሱም አእምሮን ያደበዝዛሉና። አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱና መርሳቱ ከመድኃኒቱም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙን ይጠይቅ እንጂ በራሱ አያቋርጥ፤ ከተሻለ በኋላ እንኳ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ6 ወር ይቀጥላል።

ጫትን ሳላነሳ አላልፍም። «ትንሽ ቃሚ፣ ጭንቅላትሽ ይከፈታል» ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ ለእኔው አስበው። ጫት ለጊዜው ያነቃል፣ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ይነሳል። ለእኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ እንቅልፍ ነው። ፀሐይ ሳይበረታ ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ሥር በእግሬ መሄዴም ረድቶኛል።

የመደብሩ ባለቤት፣ እግዜር ይስጣቸው፣ «ልጄ፣ ለጊዜው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነይ» አሉኝ። መጀመሪያ ደረሰኝ በቀን በቀኑ እለይ ነበር፤ ቀጥሎ የዕለት ሽያጭ ያዝኩ። የወር ሒሳብ መዝጋት የተመለሰልኝ በመጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ሰው አብሮኝ ያመሳክር ነበር።

እግሩ ተሰብሮ ገና የዳነን ሰው በማግስቱ ኩንታል የሚያሸክም የለም። አሠሪዎች ከድባቴ ለተመለሰ ሠራተኛም እንዲሁ ይሁኑለት፤ ሥራውን ሳይነጥቁ ሰዓቱን ያሳጥሩለት፣ ቁጥር ሲሳሳት ከመገሠጽ በፊት ይጠይቁት። እናንተም በዚህ ጉዳይ ላይ ብቻ አንድ የአእምሮ ሐኪም አነጋግራችሁ ብታወጡልን እላለሁ፤ «ድኛለሁ፣ ግን ደንዝዣለሁ» የሚል ሰው የት ሄዶ ምን ብሎ ይጠይቅ?

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ