የዋይ ፋይ ደረጃ ሲረቀቅ እኛም እንገኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዋይ ፋይ 7 ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደሴ ላይ ሆኜ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ስለ አዲሶቹ መሣሪያዎች ፍጥነት በቂ መረጃ ሰጥቷል፤ ያ ፍጥነት የተወሰነበትን ደረጃ (መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚከተሉትን የጋራ የቴክኒክ ደንብ) ማን እንዳወጣውና እንዴት እንደወጣ ግን አላነሣም። በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ኔትወርክ በመዘርጋትና በመጠገን ለምተዳደር ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚያ ላይ በመሆኑ ይህችን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ብዙ ሰው ዋይ ፋይን የአንድ ትልቅ ኩባንያ ፈጠራ አድርጎ ያስበዋል። ደረጃውን የሚያወጣው ግን አይ ትሪፕል ኢ በተባለው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር ሥር በ1990 (ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) የተቋቋመ፣ 802.11 ተብሎ የሚታወቅ የሥራ ቡድን ነው። ቡድኑ በ1997 ያጸደቀው የመጀመሪያው ደረጃ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ማሻሻያ ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አልፏል፦ አንድ ሐሳብ ይቀርባል፣ አጥኚ ቡድን ያየዋል፣ ሥራው ሲፈቀድ ረቂቅ ይጻፋል፣ ረቂቁ ለድምፅ ይቀርባል፣ ለማለፍም ቢያንስ 75 በመቶ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ተቃውሞ ያለው ሰው የተቃወመበትን አንቀጽ ጠቅሶ እንዴት ቢስተካከል እንደሚስማማ ይጽፋል፤ ቡድኑም ለቀረበለት አስተያየት አንድ በአንድ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። ሥራው አድካሚ ነው። 802.11ኤን የተባለው ማሻሻያ ረቂቁን የሚያዘጋጀው ቡድን በ2003 ሥራ ጀምሮ የጸደቀው በ2009 ነው፤ አምራቾች እስከዚያ መጠበቅ ስላቃታቸው በ2007 በረቂቁ መሠረት የተሠሩ መሣሪያዎች ዋይ ፋይ አሊያንስ ከተባለው የአምራቾች ማኅበር ማረጋገጫ እያገኙ ገበያ ላይ ውለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በሥራ ቡድኑ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው አገር ወይም ኩባንያ ሳይሆን ግለሰብ ነው፤ የድምፅ መብትም የሚገኘው ስብሰባዎችን ደጋግሞ በመሳተፍ ነው። እርግጥ ነው፣ አብዛኞቹ ተሳታፊዎች የትልልቅ ኩባንያዎች ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ቢሆንም በሩ ለማንም ባለሙያ አልተዘጋም። በእኛ በወሎ ቅሬ (ዕድር) ሲሰበሰብ የቀረ ሰው ከተወሰነው መዋጮ እንደማይድን ሁሉ፣ የዋይ ፋይ ደረጃም በሥራው ያልተሳተፈውን ሁሉ እኩል ይገዛል።

በሥራዬ በየጊዜው የሚገጥመኝን አንድ ጉዳይ ላስረዳ። በ2003 የጸደቀው 802.11ጂ በሰከንድ እስከ 54 ሜጋቢት ቢያደርስም፣ በ1999 ከጸደቀው 802.11ቢ ጋር በአንድ አየር ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የተጻፈው። ስለዚህም 1 ሜጋቢትን የመሰሉት ዝቅተኛ ፍጥነቶች በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ (የሬዲዮ ሞገድ ክልል) ላይ እስከ ዛሬ አሉ። በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ማዶ የተቀመጠ ስልክ ምልክቱ ሲደክምበት ወደዚያ ፍጥነት ይወርዳል። 1500 ባይት የሚያህል መረጃ በ54 ሜጋቢት ፍጥነት ሲላክ አየሩን የሚይዘው ከሩብ ሚሊሰከንድ ላነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በ1 ሜጋቢት ሲላክ ግን 12 ሚሊሰከንድ ይይዛል፤ በዚያው ቻናል (በባንዱ ውስጥ ባለው መተላለፊያ) ላይ ያሉት ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። በ2.4 ባንድ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው። ደሴ ፒያሳ ላይ ብዙ ሱቆችና ቢሮዎች ባሉበት ሕንፃ ውስጥ ስልኩን የከፈተ ሰው የኔትወርኮቹን ስም ዝርዝር ሲያይ እነዚህ ሦስት ቻናሎች ምን ያህል እንደተጨናነቁ ይገባዋል። ዝቅተኛዎቹን ፍጥነቶች አክሰስ ፖይንቱ (ዋይ ፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ) ላይ መዝጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ሳደርግ አሮጌ ስልክ የያዘው ወይም ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሰው ከናካቴው ይቋረጥበታል። ለአሮጌው መሣሪያ የተደረገው ጥንቃቄ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ስልካቸውን ለዓመታት የሚይዙት የእኛ ሰዎች ተጠቅመውበታልና።

ዛሬ ይህን የማነሣው ቀጣዩ ማሻሻያ በመረቀቅ ላይ ስለሆነ ነው። 802.11ቢኤን የተባለው፣ ዋይ ፋይ 8 ተብሎ የሚጠበቀው ደረጃ፣ ዋና ግቡ የግንኙነቱ አስተማማኝነት እንጂ ከፍተኛው ፍጥነት አይደለም። በተያዘለት ዕቅድ ምልክት በደከመበት ቦታ የሚገኘው ፍጥነት በ25 በመቶ እንዲሻሻል፣ የመረጃ መዘግየትና መጥፋትም በዚያው መጠን እንዲቀንስ ይፈለጋል፤ ማጽደቂያውም ወደ 2028 ገደማ ይጠበቃል። ከድንጋይ ግድግዳ፣ ከተጨናነቀ ቻናልና ከቶሎ ቶሎ የመብራት መቆራረጥ ጋር ለሚታገል ከተማ ከዚህ የበለጠ የሚመለከተው ርእስ የለም።

ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ አንድ መምህርና ጥቂት የመመረቂያ ዓመት ተማሪዎች ይህን ረቂቅ እንዲከታተሉ ቢመድብ መልካም ነው እላለሁ። የመመዝገቢያ ክፍያና የጉዞ ወጪ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ከኮሮና ወዲህ ስብሰባዎቹን በኢንተርኔት መካፈል ተችሏል፤ ለውይይት የሚቀርቡት ሰነዶች ለማንም ክፍት ናቸው፤ የጸደቁት ደረጃዎችም ከታተሙ ከስድስት ወር በኋላ በነፃ ይገኛሉ። ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ምንም ባይናገሩ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ሕንፃዎች ውስጥ ምልክት እንዴት እንደሚዳከም ለክተው ውጤቱን ማቅረብ ይችላሉ። ተለክቶ የቀረበ ነገር በእንዲህ ያለ ጉባኤ ይደመጣል።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የራሱ ድርሻ አለው። መሐንዲሶቹ ደረጃውን ቢያወጡም የትኛው ባንድ ያለ ፈቃድ ይሠራ የሚለውን የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ነው። አሜሪካ በ2020 በ6 ጊጋኸርዝ አካባቢ 1200 ሜጋኸርዝ ለዚሁ አገልግሎት ከፍታለች። የእኛስ አገር በዚህ ባንድ ላይ ያላት አቋም ምንድን ነው? ይህ ጋዜጣ ጥያቄውን ለባለሥልጣኑ አቅርቦ መልሱን ቢያትምልን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያገለግል ራውተር ዛሬ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከደሴ