የኮምቦልቻ መካሪዎች ሥራ አልተጠናቀቀም፤ ዘገባችሁ ይታረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በጳጉሜን መጀመሪያ ያወጣችሁትን «በደሴና በኮምቦልቻ ለሁለት ወራት የተካሄደው የሕፃናት ምክርና ድጋፍ ፕሮግራም በድምቀት ተጠናቀቀ» የሚለውን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታልና ይዘቱን መድገም አያስፈልገኝም። በደሴው አዳራሽ የተነሣውን ፎቶግራፍ፣ ባለ አርማ ቲሸርት የለበሱትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ደብተር ይዘው የቆሙትን ሕፃናት በእኛ ከተማ ያልተቀባበለው ሰው የለም። እኔ የምጽፈው በርዕሱ መጨረሻ ላይ ስላለው ነገር ብቻ ነው። ፕሮግራሙ አልተጠናቀቀም። ሁለት ወር ብቻ የሚቆይም አይደለም።

ዘጋቢያችሁ ሁለት ሥራዎችን ደባልቋል። አንደኛው የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ነው። ለዕረፍት ወደ ቤተሰባቸው የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሐምሌና በነሐሴ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ ወደየግቢያቸው ይመለሳሉ። በጊዜው ተጀምሮ በጊዜው የሚያልቅ መልካም ሥራ ነው፤ የሠሩትም ምስጋና ይገባቸዋል፤ ከእነርሱ ጋር አንዳችም ቅሬታ የለኝም። ሁለተኛው ግን እኛ የያዝነው ነው። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ይጣመራል፤ በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ የመጀመሪያው ውል ከአንድ ዓመት አያንስም፤ ዓመቱ ሲሞላም አብዛኞቻችን እናድሰዋለን። ወደዚህ ውል ስንገባ ከቀበሌ የመልካም ሥነ ምግባር ማስረጃ አምጥተናል፣ ዋስ ጠርተናል፣ አስተባባሪዎቹ አንድ በአንድ ጠይቀውናል፣ የልጁ አሳዳጊም ፊት ለፊት ካየችን በኋላ ፈርማለች። የምንገናኘው ሰው በሚያየው ቦታ ነው። አንድ መካሪ በሥራ ዝውውር ወይም በሕመም ምክንያት ማቆም ግድ ቢሆንበት ለልጁ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ምክንያቱ በሚገባው መንገድ ይብራራለታል፤ የመሰነባበቻ ቀንም ይያዝለታል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው ሕፃኑ መካሪው እንደተወው ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ ነው። እናንተ ግን ይህንኑ በአንድ ርዕስ ለሁሉም ሕፃናት በአንድ ቀን ነገራችኋቸው።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። የተጣመርኩት አሁን ስድስተኛ ክፍል ከገባ ልጅ ጋር ነው። የሚኖረው ከአያቱ ጋር ነው፤ ስለ እርሱ የምጽፈውም በአያቱ ፈቃድ ነው። እናቱ ገና ትንሽ ሳለ በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግራ ወደ ሳዑዲ ሄዳለች። ስትሄድ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላው ነበር። ወሎ ውስጥ ይህ ታሪክ የማን ቤት እንደሌለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ጊዜ ልጁ ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብ በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ሲከፈትም ወንበርና መጽሐፍ ያልነበረበት ጊዜ ነበር። ስንጣመር ሌሎች ልጆች በቀላሉ የሚያነቡትን ገጽ ጣቱን እያስኬደ ነበር የሚያነበው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት እምብዛም አያናግረኝም ነበር። የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስንለያይ «ጋሼ፣ እሑድ ይመጣሉ?» ይለኛል። እመጣለሁ እለዋለሁ፤ እመጣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይኸንኑ ይጠይቀኛል። የተበላሸ የእጅ ባትሪ አብረን ፈታን፣ ክፍልፋይ ሒሳብ ሠራን፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ አብሬው ተቀመጥኩ፣ አንዳንዴም ምንም ሳናደርግ ኳስ ሜዳው ዳር ተቀምጠን ዋልን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያንን ጥያቄ መጠየቅ ተወ። አስተባባሪያችን እንዲህ ያለው ለውጥ ከየትኛውም የፈተና ውጤት በላይ እንደሚቆጠር ስትነግረን ሰምቼ ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እንደምመጣ እርግጠኛ ሆኗል።

ዘገባው ከወጣ በኋላ በነበረው እሑድ ቤታቸው ስደርስ በር ላይ የተቀበሉኝ አያቱ ነበሩ። «ልጄ፣ ጨረሳችሁ እንዴ? የጎረቤት ልጅ ከስልኳ አነበበችለት፤ አለቀ አሉ እያለ እህል አልቀምስ አለኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ምንም ያለቀ ነገር የለም፤ ጋዜጠኛው ተሳስቶ ነው» አልኳቸው። አያቱ አመኑኝ። ልጁ ግን የታተመን ነገር ከእኔ ቃል በላይ አመነ፤ ምን ያድርግ? የታተመ ነገር እውነት ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። በዚያ ቀን ስንለያይ የተወውን ጥያቄ እንደገና ጠየቀኝ። እስከ ዛሬም አላቆመም።

«ትንሽ የቃላት ስሕተት ናት» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሁለት ወርና አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ውስጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ ላስረዳ። አንድን አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር የማጣመር ሥራ በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ኧርነስት ኩልተር የተባለ የኒው ዮርክ የሕፃናት ፍርድ ቤት ሠራተኛ በ1904 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤቱ የሚያልፉትን ልጆች አይቶ፣ በጎ ፈቃደኞች አንድ አንድ ልጅ እንዲይዙ የጀመረው ጥረት ዛሬ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ለሚባለው ድርጅት መነሻ ሆኗል። በ1995 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ድርጅት የወጣው ጥናት ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን 959 ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ከመካሪ ጋር አጣመረ፣ ግማሾቹን ደግሞ ተራ እንዲጠብቁ አደረገ፤ ከ18 ወራት በኋላም ሁለቱን አነጻጸረ። መካሪ ያገኙት ልጆች አደንዛዥ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው ካላገኙት በ46 በመቶ፣ ከትምህርት ቤት አንድ ቀን የመቅረት ዕድላቸው ደግሞ በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጠኞች ስለ በጎ ፈቃድ ሲጽፉ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው።

ከዚህ ይልቅ መነበብ የነበረበት ከሰባት ዓመት በኋላ የወጣው ነው። ጂን ግሮስማንና ጂን ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ልጆች ግንኙነታቸው በቆየበት ጊዜ ልክ ለይተው ሲመለከቱ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ከሁሉም በላይ ተጠቅመዋል፤ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ዋጋና በትምህርት ችሎታቸው ላይ ያላቸው እምነት ቀንሶ ተገኘ። የአሜሪካን አኃዝ እንዳለ አምጥቼ ኮምቦልቻ ላይ አልለጥፍም፤ ኑሮው ሌላ ነው፣ ቤተሰቡም ሌላ ነው። ነገር ግን እናቱ «እመለሳለሁ» ብላው የቀረችበት ልጅ ሌላ አዋቂ በሁለት ወር ጥሎት ቢሄድ ምን እንደሚሰማው ለማወቅ የአሜሪካ ጥናትም አያስፈልግም። እናንተ «በድምቀት» ብላችሁ ያወደሳችሁት የሁለት ወር መካሪነት ቢኖር ኖሮ ልጆቹን የሚጎዳ ሥራ በሆነ ነበር። አንባቢም የተረዳው ይህንኑ ነው፤ መካሪነት ማለት በክረምት መጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሰርተፊኬት ተቀብሎ መሄድ እንደሆነ።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። ዘገባው በወጣ በሳምንቱ ሁለት ወጣቶች ወደ አስተባባሪዎቻችን መጥተው የሚቀጥለው ዙር ሁለት ወር መቼ እንደሚጀምርና ሰርተፊኬቱ ለሥራ ማመልከቻ እንደሚያገለግል ጠየቁ። ዓመት መሆኑ ሲነገራቸው አመስግነው ሄዱ። በእነርሱ አልፈርድም፤ ያነበቡትን አምነው ነው የመጡት። እኔም በሥራ ቦታዬ ጣጣ ገጥሞኛል። የእሑድ ፈረቃዬን ከባልደረቦቼ ጋር የምለዋወጠው በአለቃዬ በጎ ፈቃድ ነው፤ አሁን ግን «ፕሮግራሙ አልቋል ተብሎ የለም? ከእንግዲህ ለምን ትለዋወጣለህ?» ተብዬ ውሌን ይዤ እንድቀርብ ተደርጌአለሁ። ለዓመታት ያለ አንድ ሳንቲም ስንሠራ አንድም መስመር ያልጻፈ የዜና ተቋም ስለ እኛ በጻፈበት በመጀመሪያው ቀን ሥራችንን ዘጋው።

«ስለ እኛ» ያልኩትም በትክክል እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። ኮምቦልቻ በዘገባችሁ ውስጥ የተጠራችው በርዕሱ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ደሴ ነው፤ አዳራሹ ደሴ፣ ንግግሩ ደሴ፣ የተጠየቁት ሰዎች ደሴ። ከደሴ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ መምጣት በቂ ነው፤ ዘጋቢው አልመጣም፤ ስልክም አልደወለም። ቢመጣ ኖሮ መካሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ያይ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ሲውሉ ሰንብተው በዕረፍት ቀናቸው ከሴት ልጆች ጋር የሚቀመጡ ወጣት ሴቶች አሉ። ራሳቸው ከገጠር ቀበሌ ብቻቸውን የመጡ ናቸውና አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ከደላላ የሚመጣላትን ወሬ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ዓረብ አገር ደርሳ የተመለሰች መካሪ ስለዚያ መንገድ የምትናገረውን ምንም ዓይነት የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ ሊተካው አይችልም። ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ገበያ የሚውሉ እናቶች አሉ። ቅሬአችንም፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ አለ። ቅሬው ልቅሶ ላይ ድንኳን ከመትከል አልፎ ማን ለልጅ እንደሚታመን የሚመሰክረው እርሱ ነው፤ ብዙዎቻችን በዋስነት የቀረቡልን የቅሬው አባላት ናቸው፤ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም አንድ ላይ ተቀምጠው ነው ስለ እያንዳንዳችን የተነጋገሩት። አንድ ጋዜጠኛ ወሎ ውስጥ ስለ ሕፃናት እንክብካቤ ሲጽፍ ቅሬን ካልጠቀሰ የጻፈው ስለ ሌላ አገር ነው።

የዝግጅት ክፍላችሁ ስልክ ላይ ደውዬ ነበር። ያነሣው ሰው በትሕትና አናገረኝ፤ በመጨረሻ ግን «ዜናው ካለፈ ቆይቷል፤ ከፈለጉ ለሚቀጥለው ፕሮግራም ይጋብዙን» አለኝ። ለእናንተ ዜናው አልፏል። በአንድ ቤት ውስጥ ግን አንድ ልጅ በየሳምንቱ እሑድ መምጣት አለመምጣቴን እየጠየቀ ነው፤ እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ ደግሞ ያለው እኔ ጋ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹም መካሪዎች ይህንኑ ነግረውኛል። ለሚቀጥለው ሥነ ሥርዓትም ልንጋብዛችሁ አንችልም፤ የምናዘጋጀው ሥነ ሥርዓት የለምና። መምጣት ከፈለጋችሁ በማንኛውም እሑድ ኑ፤ ካሜራውን ግን የልጆቹ አሳዳጊዎች ሳይፈቅዱ አታውጡ። ባለፈው ፎቶግራፍ ላይ ፊታቸው የታየው ሕፃናት አሳዳጊዎች ተጠይቀው እንደሆነ ከእኛ ወገን የሚያውቅ የለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው የተጻፈው ለእንዲህ ያለ ጊዜም ጭምር ነው።

የምጠይቃችሁ ማረሚያ አጭር ነው። ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን ባለው ርዕስ ይውጣ፤ ከሥር በትንንሽ ፊደላት የሚጨመር ማስታወሻ አይበቃም፣ ያንን ማንም ለሕፃን አያነብለትም። የአዳዲስ መካሪዎች ምዝገባ ከመስቀል በኋላ ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ይውጣ። ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ብቻውን ሊያነበው በሚችል አማርኛም ይጻፍ፦ «በክረምት ያለቀው የማጠናከሪያ ትምህርቱ ነው። የኮምቦልቻ መካሪዎች ከልጆቹ ጋር ናቸው፤ እሑድም ይመጣሉ።»

ከአክብሮት ጋር፣
ከመካሪዎቹ አንዱ፣ ኮምቦልቻ